ስንሻው ዝም ያሰኘው ጎማ

አንድ ሾፌር ነበረላችሁ... ውይ ሆዴን! ቆዩ እስቲ፣ ሳቄን ልጨርስ። ባሰብኩት ቁጥር ያመጣብኛል። ዋናው የሚያስቀው መጨረሻው ላይ ነው፤ ስለዚህ ማንም አቋርጦ እንዳይሄድ። መሐሉ ላይ ትንሽ ያስደነግጣል፤ ግን አትፍሩ፣ ሰው አይሞትም። የሞተችው አንዲት ዶሮ ብቻ ናት፤ እሷም ቢሆን ወጥ ሆናለች።

እና አንድ ሾፌር ነበረ። ስሙ ስንሻው ነው። ከቆላው ገበያ እስከ ወረዳው ከተማ በሚኒባስ ሰው ያመላልሳል። መንገዱ ግማሹ ኮረኮንች፣ ግማሹ ድሮ አስፋልት የነበረ ነው። "ድሮ" ያልኩት አውቄ ነው። አሁንማ የሚበዛው ጉድጓዱ ነው፤ አስፋልቱ በየጉድጓዱ መሐል እንደ እርሻ ድንበር ቀርቷል።

ስንሻው ለዚህ መንገድ ብሎ ጥርሱ ትልልቅ የሆነ የጭቃ ጎማ አስገጥሞ ነበር። ጭቃ ሲመጣ ነክሶ ይወጣል። ጉድጓድ ሲመጣም ጎማው ወፍራም ነው፣ ይችለዋል። አንድ ጠባይ ግን አለው፤ አስፋልት ላይ ሲወጣ ያጉረመርማል። ማጉረምረም ብቻ መሰላችሁ? ወፍጮ ቤት የገባችሁ ነው የሚመስላችሁ! ውስጥ የተቀመጠ ሰው ከጎኑ ያለውን "እንደምን አደርክ" ለማለት እንኳ መጮኽ አለበት።

እትዬ አልጋነሽ የምትባል የጨርቅ ነጋዴ አለች። ከፊት ወንበር ካልሆነ አትቀመጥም፤ ወሬ ካላወራች ደግሞ መንገድ አይገፋላትም። አንድ ቀን ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ጮኸች።

"ስንሻው! ሰው ልታደርስ ነው የወጣኸው ወይስ እህል ልትፈጭ? ንገረኝና ጤፌን ይዤ ልምጣ!"

መኪናው ሙሉ ሳቀ።

"እትዬ፣ መንገዱ ነው እኮ!" አላት።

"መንገዱማ ዝም ብሎ ተኝቷል። የምትጮኸው አንተ ነህ!"

ሰው በሳቅ የሚሸነፈውን ያህል በዱላ አይሸነፍም። ስንሻውም ሲችል ሲችል ቆየና አንድ ቀን ጎማ ከሚቀይረውና ከሚጠግነው ከጎሚስታው ከጓንጉል ዘንድ ሄደ። "ዝም የሚል ጎማ ስጠኝ" አለው።

"ዝም የሚልማ ሞልቷል" አለ ጓንጉል፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። "ለከተማ የተሠራ፣ ልስልስ ያለ። ግን ልንገርህ። ጥርስ የሌለው ነገር አይጮኽም፤ አይነክስምም። ጎኑም ስስ ነው። ጉድጓዱን ጎማው ካልቻለልህ ጎማውን የተሸከመው ቸርኬ ነው የሚቀምሰው።"

"ቸርኬው ብረት አይደል? ይቅመሳ!"

"እሺ። እኔ ምን ቸገረኝ፣ መዶሻ አለኝ" አለና ጎማውን ገጠመለት።

የመጀመሪያው ቀን ሠርግ ነበር። አስፋልቱ ላይ ሲወጡ ፀጥ! እናቶች መረቁት። አንዱ ስልክ ደውሎ ሳይጮኽ አወራ። እትዬ አልጋነሽ "አሁን ገና ሰው ሆንክ!" ብላ ወሬዋን ከድልድዩ ጀምራ ገበያው በር ላይ ጨረሰች። ስንሻው ደረቱ ተነፋ።

በሁለተኛው ቀን ዳገቱ ላይ ዝናብ ያዛቸው። ጎማው ጭቃው ላይ በቦታው ይሽከረከር ጀመር። ሁሉም ወርዶ ገፋ። እትዬ አልጋነሽ ጫማዋን በእጇ ይዛ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ውስጥ ገብታ፣ እየገፋች እንኳ "ቢሆንም ዝምታው ደስ ይላል!" ትላለች። በሦስተኛው ቀን ቸርኬው ጎበጠ። ጓንጉል "ደህና መጣህ" ብሎ በመዶሻው አቃናለት።

ሌላም ነገር መጣ። ዶሮዋ ተገጭታ የሞተችው ያኔ ነው። አህዮቹ ከመንገድ አልነሳ አሉት። ድሮ መኪናው ሳይደርስ ከቤቱ ወጥቶ መንገድ ዳር ይጠብቅ የነበረው ተሳፋሪ፣ አሁን መኪናው ካለፈ በኋላ ነጠላውን እያውለበለበ ከኋላ ይሮጣል። ስንሻው ተናደደ። "ይሄ አገር በሙሉ አንድ ላይ ደነቆረ እንዴ?" አለ። የእሱ ነገር መሆኑን አንድም ቀን አላሰበውም።

አሁን አያ ደምለውን ላስተዋውቃችሁ። ገመድ ገማጅ ናቸው። ዓይናቸው ማየት ካቆመ ብዙ ዘመኑ ነው። ቤታቸው ከመንገዱ ወዲህ ነው፤ ቃጫቸውን የሚያሰጡበት ሜዳ ከመንገዱ ወዲያ ማዶ ነው። ጠዋት ይሻገራሉ፣ ከሰዓት ይመለሳሉ፤ ብቻቸውን። የጭነት መኪናን በሞተሩ ያውቁታል። የስንሻው መኪና ግን ሞተሩ አይሰማም፤ ምክንያቱም ስንሻው በቤታቸው በኩል የሚወርደውን ቁልቁለት በፎሌ ነው የሚለቀው። ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ማርሹን ያወጣና መኪናው በራሱ ክብደት ይንሸራተታል። ስለዚህ አያ ደምለው የሚያውቁት በጎማው ነበር። ጉርምርምታው ራቅ ብሎ ካለው ድልድይ ላይ ሲሆን ለመሻገር ጊዜ አለ። ቅርባቸው ካለው ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ጋ ከደረሰ ቁም ማለት ነው። ይህንን ለማንም ነግረው አያውቁም፤ ማንስ ጠየቃቸው?

አንድ ሐሙስ ቀን ካፊያ ይጥላል። ስንሻው ገበያተኛ ሞልቶ በፎሌ ቁልቁል ይመጣል። እትዬ አልጋነሽ የልጇን አማት ታሪክ ይዛለች፤ ታሪኩ ደግሞ የሚጣፍጠው ቦታ ላይ ደርሷል። ስንሻው ዞር ብሎ "እና ምን አለቻት?" ይላል።

አያ ደምለው ቃጫቸውን ተሸክመው መንገዱ ዳር ቆሙ። አዳመጡ። ከድልድዩ ምንም የለም። ከቀበሌውም ምንም የለም። መንገዱ ሰላም ነው ብለው ገቡ።

"ሰው! ሰው! ሰው!" አለ ከኋላ የተቀመጠ ገበሬ።

ስንሻው ፍሬኑን ረገጠ። ጎማው ቆመ፤ መኪናው ግን አልቆመም! በዚያ እርጥብ አስፋልት ላይ እንደ ሳሙና ተንሸራተተ። ክላክሱን ተጫነው። አያ ደምለው ክላክሱን ሲሰሙ ወዴት ይሂዱ? መሐል መንገድ ላይ ደርቀው ቀሩ። እትዬ አልጋነሽ ዓይኗን ጨፈነች። ስንሻው የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ "ሰው ገደልኩ።"

ጓ!

የፊት ቀኙ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ጎማው ፈነዳ፣ ቸርኬው እንደ ቆርቆሮ ተጣጠፈ፣ መኪናው ዞር ብሎ ቆመ። ከመኪናው አፍንጫ እስከ አያ ደምለው በትር አንድ ስንዝር ቢሆን ነው።

መጀመሪያ ዘላ የወረደችው እትዬ አልጋነሽ ናት። እያለቀሰች ትከሻቸውን፣ ክንዳቸውን፣ እግራቸውን ትዳስሳለች።

"እግርዎ አለ? እጅዎ አለ?"

"ሁሉም በቦታው አለ። አንቺ ማነሽ እንደ ሙክት የምታገላብጪኝ?" አሉ አያ ደምለው።

ተመስገን! ያኔ ነው ሰው ሁሉ ተንፍሶ እልል ያለው። አንዱ አስፋልቱን ሳመ። ስንሻውም ወረደ።

"አያ፣ ክላክስ አደረግሁ እኮ!" አለ፤ ምን እንደሚል ጠፍቶት።

"ክላክስህንማ ሰማሁት፤ አፍንጫዬ ስር ከደረስክ በኋላ። እኔ የማደምጠው ያንን የሚያጉረመርመውን መኪና ነበር። ሰሞኑን ጠፋ። ባለቤቱ ሸጠው እንዴ?"

"እኔ ነኝ እኮ አያ። ያ መኪና ይሄ ነው።"

"አንተ ነህ?" አያ ደምለው ፊታቸውን ወደ ድምፁ መለሱ። "ታዲያ ምን ነካህ ልጄ? ታመህ ነበር?"

ስንሻው ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ ገባው፤ ዶሮዋም፣ አህዮቹም፣ ከኋላ የሚሮጠውም ተሳፋሪ። ሲሳቅበት የኖረው ያ ጉርምርምታ እኒህን ሰው በየቀኑ እጃቸውን ይዞ ሲያሻግር ኖሯል። ያንን እጅ ያስለቀቃቸው እሱ ነው። እርጥቡ አስፋልት ላይ ተንበረከከ።

እዚህ ጋ ስንሻው ተንበርክኮ ትንሽ ይቆየን፤ የኋላውን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ጎማው ተቀየረ። ጓንጉል መካከለኛ ጥርስ ያለው ፈልጎ ገጠመለት፤ ጭቃ ይነክሳል፣ ጎኑ ደንዳና ነው፣ እንደ ድሮው ባይሆንም ያጉረመርማል። ቸርኬውን ግን መዶሻም አላቃናው። በፎሌ መልቀቅም ቀረ። እትዬ አልጋነሽ ዛሬም በወሬ መሐል ትጮኻለች፤ ግን አንድም ቀን አማርራ አታውቅም። ጉድጓዱን አመስግኑት እያልኩ እንዳይመስላችሁ! ጉድጓድ ጉድጓድ ነው፤ ይደፈን። ያመሰገንነው በጉድጓድም ቢሆን ማዳን የሚያውቀውን አምላክ ነው።

ትምህርቱ ይሄ ነው። ምቾት ባዶ እጁን አይመጣም፤ ከሆነ ሰው ላይ የሆነ ነገር አንስቶ ነው የሚመጣው። ከውስጥ የተቀመጥነውን የሚረብሸን ድምፅ ከውጭ ላለው ሰው መንገዱ ሊሆን ይችላል። እና አንድን ነገር ዝም ከማሰኘታችን በፊት "ይህንን ሰምቶ የሚሻገር ማን አለ?" ብለን ብንጠይቅ ምን አለበት? እስቲ እናንተም አስቡት፤ ለራሳችሁ እንዲመቻችሁ ብላችሁ ያጠፋችሁት፣ ለሌላው ግን እንደ ዓይን የነበረ ነገር የለም?

በሉ ወደ ስንሻው እንመለስ። እርጥቡ አስፋልት ላይ ተንበርክኮ፣ የአያ ደምለውን ጉልበት ግጥም አድርጎ ይዞ "ይቅር በሉኝ አያ! ይቅር ካላሉኝ ከዚህ አልነሳም!" እያለ ያነባል። ተሳፋሪውም ከቦ ያለቅሳል። ካፊያው ይወርዳል። አያ ደምለው እግራቸውን ሊያላቅቁ ሞከሩ፤ እምቢ አለ። ቃጫቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉና ምን አሉት መሰላችሁ?

"ይቅርታውን ማዶ እሰጥሃለሁ፤ በመጀመሪያ ከመሐል መንገድ አውጣኝ፣ ሌላ መኪና ይመጣል!"