ሃያ ሰባት ሙሽሮችን የዳረው ጫማ

አንድ የግንቦት ሐሙስ፣ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ፣ ሰማዩ እንደ ታጠበ ብርጭቆ ጠርቶ ነፋሱም ፀጥ ባለበት ሰዓት፣ ልሳነወርቅ የተባለ ወጣት የጋሽ ወንድይራድን በር አንኳኳ። እሑድ ሙሽራ ነው። የመጣውም ጫማ ሊዋስ ነበር።

ጋሽ ወንድይራድ ዕድሜያቸውን በጫማ ሥራ ያሳለፉ ሽማግሌ ናቸው። በወጣትነታቸው፣ ለራሳቸው ሠርግ፣ አንድ ጥቁር ጫማ በእጃቸው ሰፉ። በዓመቱ አንድ ጎረቤታቸው ለሠርጉ ተዋሳቸው፤ ከእርሱ ቀጥሎ ሌላው፣ ከዚያም ሌላው እየተቀባበለው የሰፈሩ ልማድ ሆነ። ድሃውም ባለጸጋውም ያንን ጫማ ሳያደርግ ማግባት ቅር ይለው ጀመር። እግሩ ትንሽ የሆነ ጫፉ ላይ ጥጥ ይጠቀጥቃል፤ እግሩ የገዘፈ ደግሞ "እኔን የበደለችኝ እናቴ ናት" እያለ በሌላ ጫማ ያገባል። ከባለቤቱ ጀምሮ ሃያ ስድስት ሙሽሮች በዚያ ጫማ ተድረዋል። ደንቡ ቀላል ነበር፤ ተዋሹ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መጥቶ አያያዙን ይማራል፣ ማክሰኞ ጠዋት በገዛ እጁ ወልውሎ ይመልሳል።

"ጋሼ፣ ለምን በዚህ ሰዓት ና አሉኝ? ጠዋትም እኮ ሥራ አልነበረኝም" አለ ልሳነወርቅ።

"እግርህ ሥራ አልነበረውማ! እግር ጠዋት ትሑት ነው፤ ሲቆም ሲራመድ ውሎ ያብጣል። ጫማ የሚለካው ባበጠበት ሰዓት ነው" አሉና ሣጥኑን ከፈቱ።

ልሳነወርቅ ጎንበስ ብሎ አየው። ጫማው ከእርሱ ዕድሜ ይበልጣል፤ ነገር ግን ጥቁረቱ የተረጋጋ፣ ብርሃኑም ከላይ የተቀባ ሳይሆን ከቆዳው ውስጥ የሚመነጭ ይመስል ነበር። በውስጡ በእግር ቅርጽ የተጠረበ እንጨት ገብቶበት፣ ቅርጹን እንደ ወታደር ቀጥ አድርጎ ቆሟል።

"በአውራ ጣትህ ጫን በለው" አሉት። ተጫነው። ቆዳው እንደ እጅ ጀርባ ጥቃቅን መስመሮች አወጣና ወዲያው መልሶ ለሰለሰ። "አየህ? ሕያው ቆዳ እንዲህ ነው። የራስህን ስትገዛም መጀመሪያ ጣትህን ላከው። ከዚያ ሶሉን ገልብጠህ እይ። የተሰፋ ከሆነ ሲያረጅ ይታደሳል። በማስቲሽ ብቻ የተለጠፈ ከሆነ እሑድ ይስቅልሃል፣ በሳምንቱ ደግሞ አፉን ከፍቶ ይስቅብሃል።"

ከሣጥኑ ጥግም አንድ ጥቁር ቀበቶ አወጡ። "ቀበቶና ጫማ በቀለም አይጣሉ። ካልሲህ ረጅም ይሁን፤ ሙሽራ ሲቀመጥ ባቱ መታየት የለበትም። የከረባትህ ጫፍ የቀበቶህን ዘለበት ይንካና በዚያው ይብቃው። የሚያብለጨልጭ ነገር አታብዛ፤ በዚያ ቀን የምታበራው እርስዋ ናት።"

"ሰዓት ከማሰር ግን አይከለክሉኝም መቼም?"

"እሰር። ግን ደጋግመህ እንዳታየው፤ ልትሸሽ ያሰብክ ይመስላታል።"

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ሽማግሌው አያያዙን በእጃቸው እየሠሩ አሳዩት። አቧራው በደረቅ ብሩሽ ሳይራገፍ ቀለም አይነካውም። ቀለሙ ጥቂት ነው፤ በጨርቅ በስሱ ይቀባል፣ ጥቂት ይቆያል፣ ከዚያ ይወለወላል። አንድ ቀን የዋለ ጫማ በማግስቱ ያርፋል። ይህን ሁሉ ሲናገሩ ድምፃቸው ስለ ሕፃን የሚናገር ሰው ድምፅ ነበር። የመጨረሻውን ቃል ሲናገሩ ግን እጃቸውን በትከሻው ላይ አሳረፉ።

"ከረጠበብህ ጋዜጣ ጠቅጥቀህ በጥላ አስቀምጠው፤ ጋዜጣውንም ቀያይርለት። ሦስት ቀን ይፈልጋል። እሳት አታሳየው፣ ፀሐይም አታሳየው። የማክሰኞው ደንብ ለደረቅ ጫማ ነው፤ ከረጠበ መጥተህ ንገረኝ፣ ቀን እጨምርልሃለሁ። ከአንተ ቀጥሎ የሚያገባው በላቸው ነው፤ እርሱ የሚወስደው በሚቀጥለው ሐሙስ ነው፤ ስለዚህ ጊዜ አለን።"

እሑድ ልሳነወርቅ እንደ ተባለው አምሮ ዋለ። ሚዜዎቹ ፊቱን ትተው እግሩን አዩ። ዳሩ ግን ሙሽሮቹ ከአዳራሹ ሲወጡ ማንም ያልጠበቀው ዝናብ ወረደ፤ ግቢው በአፍታ ኩሬ ሆነ። እርሱ የሙሽሪትን ቀሚስ ከጭቃ ለማዳን ሲል ውሃው መሐል ገብቶ አሻገራት። ሰው አጨበጨበ። ጫማው ግን እስከ ስፌቱ ራሰ።

በዚያው ዕለት ጋዜጣ ጠቀጠቀበት። ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ሲነካው ገና እርጥብ ነበር። ሄዶ መናገር እንዳለበት ያውቃል፤ ተነሥቶም እስከ ጋሽ ወንድይራድ በር ደረሰ። ሊያንኳኳ እጁን ሲያነሣ ከውስጥ የእንግዶች ሳቅ ሰማ። ያን ጊዜ ይሉኝታ እጁን ያዘው። "ከእኔ በፊት የተዋሱት ሁሉ በቀናቸው ሲመልሱ እኔ ብቻ ቀን ይጨመርልኝ ብዬ በሰው ፊት ልቁም? አንድ ጫማ ጠብቆ መያዝ ያቃተው ሚስት እንዴት ሊይዝ ነው ቢሉኝስ?" አለ በልቡ። ሳያንኳኳ ተመለሰ። ቤት እንደ ገባም ከሰል አቀጣጠለ።

"እሳት አታሳየው አላሉህም?" አለችው ሙሽሪት።

"ከሩቅ ነው የማሞቀው። ሙቀት ብቻ ነው የሚያገኘው።"

"እስቲ ይሁን። እኔ ግን ሄደህ ብትነግራቸው ይሻላል ባይ ነኝ።"

ጫማው በሁለት ሰዓት ውስጥ ደረቀ። ደግሞም ጠነከረ። ጣት የሚታጠፍበት ቦታ ላይ፣ እንደ በጋ መሬት፣ ቀጫጭን ስንጥቆች ተከፈቱ። ልሳነወርቅ አሁንም መናገር ይችል ነበር። እርሱ ግን ቀለም አወጣና ስንጥቆቹን ሞላ፤ ደርቦም ቀባ፤ እስኪያብረቀርቅ ድረስ ወለወለ።

ማክሰኞ ጠዋት ሣጥኑን ይዞ ሲገባ በላቸው ጫማውን ለማየት ጓጉቶ ቀድሞ ደርሶ አገኘው።

"ኧረ ልሳኑ! መስታወት አደረግከው እኮ!" አለ በላቸው ክዳኑ ሲነሣ። "እኔ ጢሜን ልላጭበት ነው!"

"እጅህ ይባረክ" አሉ ጋሽ ወንድይራድ። እንደ ልማዳቸውም ቀኝ እጃቸውን በጫማው ውስጥ አስገብተው በስሱ አጠፉት።

ጫማው እንደ ደረቅ ቅጠል ተንኮሻኮሸ። የቀለም ቅርፊት እየተላጠ በጋቢያቸው ላይ ረገፈ፤ ከሥሩም ስንጥቆቹ ታዩ።

"እሳት ነው?" አሉ ሽማግሌው።

"እሳት ነው፣ ጋሼ።"

"አላስተማርኩህም?"

"አስተምረውኛል። ሰኞ ልነግርዎ መጥቼ ነበር፤ በርዎ ላይ ቆሜ ተመለስኩ። ቀን ይጨምሩልኝ ማለት አሳፈረኝ።"

ሽማግሌው በጣታቸው ስንጥቁን ተከትለው ሄዱ። ልሳነወርቅ ከዐይናቸው ቁጣ ሲጠብቅ ኀዘን ብቻ አየ፤ ይህም ከቁጣ ይልቅ አቃጠለው። "ልጄ፣ አንድ ቀን መለመን አሳፈረህና የአንድ ሰው ዕድሜ የሚያህል ነገር አቃጠልክ። ዝናቡ እኮ አልጎዳውም ነበር። እሳቱ ጎዳው፤ ቀለሙ ደግሞ ደበቀው። ስፌቱን ልጠግነው እችላለሁ፤ ልስላሴውን የሚመልስ እጅ ግን የለኝም።"

"እኔስ በምን ላግባ?" አለ በላቸው።

ጋሽ ወንድይራድ የእርሱን እግር ተመለከቱ። የሥራ ጫማ ነበር፤ አቧራ የለበሰ፣ ማሰሪያው የተበጣጠሰ። "አውልቀው" አሉት። ገልብጠው ሶሉን አዩ፣ በአውራ ጣታቸውም ተጫኑት። "የተሰፋ ነው። ቆዳውም ይተነፍሳል። ባለቤቱ ነው የረሳው።" ከዚያም ብሩሹን ለልሳነወርቅ ዘረጉለት። "ያስተማርኩህን አስተምረው። አንዲት ቃል ሳታስቀር። የእሳቱንም ጨምረህ።"

ልሳነወርቅ በርከክ ብሎ ብሩሹን ተቀበለ። አቧራውን አራገፈ፣ ማሰሪያውን ቀየረ፣ ቀለሙን በስሱ ቀባ፤ እጁ ሲሠራም አፉ ያደረገውን ሁሉ ሳይደብቅ ተናገረ። ከዚያ ቀን እስከ ቅዳሜ፣ ጫማውን አንዱን ቀን እያሳረፈ በሌላው ቀን ሊወለውል ተመላለሰ። እሑድ በላቸው በገዛ ጫማው አገባ፤ ሰዎችም "ይህን ደግሞ ከየት ተዋሰው?" እስኪሉ ድረስ አማረ። ከዚያም ወዲህ በሰፈሩ ሠርግ በደረሰ ቁጥር ልሳነወርቅ ሐሙስ በዐሥር ሰዓት ብሩሽ ይዞ ወደ ሙሽራው ቤት ይሄዳል። ትምህርቱን የሚጀምረውም ከራሱ ጥፋት ነው። ጋሽ ወንድይራድም ስለ እርሱ ሲጠየቁ፣ "ካስተማርኳቸው ሁሉ የበለጠ ያወቀው እርሱ ነው" ይላሉ።

አንባቢ ሆይ፣ በእጃችን ካለው መልካም ነገር ብዙውን የሚያበላሸው የደረሰበት አደጋ ሳይሆን አደጋውን ላለመናገር የምናነደው እሳት ነው። የረጠበ ሁሉ ጊዜ ካገኘ ይደርቃል፤ ጊዜ የሚያገኘው ግን "ረጥቦብኛል" የሚል አንደበት ሲኖር ነው። እርስዎስ ሳያንኳኩ የተመለሱበት በር አለ?

ጥቁሩ ጫማ ግን ተበላሽቶ ቀረ፤ ከዚያ በኋላ ማንም ሙሽራ አላደረገውም።