ከቤቱ ጭስ የማይወጣው ባለጸጋ

ዘርፌ የምትባል ልብስ ነጋዴ አረጋዊ መምህሯን ልትጠይቅ ሄዳ እንዲህ አለቻቸው፦ «መምህር፣ የዓለሙ አየር በጭስ ብዛት ሞቀ፣ ዝናቡም ወቅቱን ሳተ ይላሉ። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ጭስ ይቀንስ ይባላል። እኔ ፋብሪካ የለኝም፣ እንጨትም አላነድም። የምቀንሰው የቱን ነው?»

መምህሩም እንዲህ ሲሉ ነገሯት።

አንድ ባለጸጋ ሰው ነበረ፤ ከቤቱ ጭስ ወጥቶ አያውቅም። ቤቱ ከጋራ ግርጌ ነው፤ ግድግዳው በኖራ የነጣ፣ ግቢው የተጠረገ። እዚያ ግቢ ውስጥ እንጨት እንዳይነድ ከልክሎ ነበርና ወጡም የሚሠራው፣ የገላ ውሃውም የሚሞቀው በከሰል ነው። ቆጣቢ ነኝ ብሎም ያስብ ነበር። ሰው በሌለበት ክፍል ኩራዝ በርቶ ካየ ራሱ ገብቶ እፍ ይለዋል፤ ይህን ያደረገ ዕለት ደስ ብሎት ይውላል።

ከጋራው ላይ ግን ጭስ አይጠፋም። ጧት ጧት ወደ ሸለቆው ይወርድና በቤቶቹ ላይ ይተኛል። ባለጸጋው አብራው የምትኖር አሮጊት እናት ነበረችው፤ ጭሱ በወረደ ቁጥር ሳል ያጣድፋታል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። ዛፉ እየተመነጠረ ሲሄድ ደግሞ ከጋራው ሥር የሚፈልቀው ምንጭ እየቀጠነ መጣ። አንድ ጧት ሳሉ ጸንቶባት ከንፈሯ ሲጠቁር አየ። ቁርስም ሳይቀምስ በትሩን አንሥቶ ጋራውን ወጣ።

መጀመሪያ ያገኘው ከሰል አክሳዩን ነው። የቆለለውን እንጨት አፈር አልብሶታል፤ ጭሱ በየቀዳዳው ይተናል። ከፍ ብሎ ጡብ የሚተኩሱ ወንድማማቾች እቶናቸውን ያነድዳሉ። ከእነሱ ማዶ ባሏ የሞተባት ሴት አረቄዋን ለማውጣት ጥዳለች። ባለጸጋው ሁሉንም ጠራቸውና፣

«እናቴን ልትገድሏት ነው፤ ምንጩንም አደረቃችሁት። እሳታችሁን አጥፉ» አላቸው።

በአገሩ ቃሉ የሚፈራ ሰው ነውና የተከራከረው የለም። ከሰል አክሳዩ ብቻ ቀና ብሎ፣ «አጥፋ ካሉኝ አጠፋለሁ፣ ጌታዬ። ልጆቼ ግን ምን ይብሉ?» አለው።

«እሱን አስቀድመህ ማሰብ ነበረብህ» አለና ቁልቁል ተመለሰ።

እሳቱ ጠፋ። በማግስቱ ሸለቆው ጠርቶ ዋለ፤ እናቱም እፎይ ብላ ተነፈሰች። ባለጸጋው ደጅ ላይ ቆሞ ጋራውን እያየ፣ አንድ በጎ ሥራ ሠራሁ ብሎ ደስ አለው።

ጥቂት ቀን እንዳለፈ የወጥ ቤቷ ሴት መጥታ ከሰሉ ማለቁን፣ የሚያመጣውም ሰው መቅረቱን ነገረችው። ምሳ ሳይበስል ቀረ። አዲስ አዳራሽ እያሠራ ነበርና ግንበኛውም እጁን አጣጥፎ መጣ፤ ጡብ የለም አለ። የጋበዛቸው እንግዶች ሲሰበሰቡ ደግሞ አረቄ ሊያመጣ የተላከው ሰው ባዶ እንስራ ይዞ ተመለሰ። ባለጸጋው ተቆጣ። አክሳዩን፣ ጡብ ተኳሾቹን፣ ሴትዮዋን፣ ሁሉንም እየጠራ ረገመ።

ሚስቱ እንግዶቹ እስኪሄዱ ጠብቃ አጠገቡ ተቀመጠች።

«በማን ላይ ነው የምትቆጣው?» አለችው በቀስታ። «ከሰሉን የምናነደው እኛ፤ ጡቡ ለእኛ አዳራሽ፤ አረቄውም ለእኛ እንግዳ። እሳቱን እነሱ ጫሩት እንጂ እሳቱስ የእኛው ነበር።»

እናቱን ሲያስላት የኖረው ጭስ የገዛ ቤቱ ጭስ መሆኑ ያን ጊዜ ገባው። አፈረ።

ሲነጋ እንደገና ጋራውን ወጣ። ሰዎቹ ሊቀጣቸው የመጣ መስሏቸው ሊሸሹ ሲሉ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና፣ «አልቆጣም። ለእኔ ቤት ብላችሁ የቆረጣችሁትን ብቻ አሳዩኝ» አላቸው። አክሳዩ አንድ ጥግ አሳየው። ሴትዮዋም ጥቂት ጉቶ አሳየችው። ወንድማማቾቹ ግን ዙሪያውን ወስደው ወደ ጋራው ጀርባ አወጡት። ያ ሁሉ ገደል ራቁቱን ቀርቷል፤ እስከ ታች ጉቶ ብቻ ነው።

«ይህስ?» አላቸው።

«ይህ ለአዳራሹ ነው» አለው ታላቅዬው።

ሰውየው ቆሞ ብዙ አየ። አዳራሹን የጀመረው የጎረቤቱ ስለሚበልጥበት ነበር እንጂ የሚቀመጥበት ሰው አልነበረውም።

ወርዶም ግንበኛውን፣ «አዳራሹ እዚሁ ላይ ይቁም» አለው። ወንድማማቾቹን በዚያ ገደል እርከን እንዲሠሩ፣ ችግኝም እንዲተክሉ ቀጠራቸው፤ የልጆቻቸውን ቀለብ ከጎተራው ሰፈረላቸው። አክሳዩና ሴትዮዋም እሳታቸውን መልሰው እንዲያነድዱ ፈቀደ፤ ከሰሉን ጨርሶ አልተወም። ግን ባቄላው ተዘፍዝፎ እያደረ፣ ድስቱ እየተከደነ ይበስል ጀመር፤ የሞቀ የገላ ውሃም ለእናቱ ብቻ ሆነ። አረቄም ለክብረ በዓል ካልሆነ አይታዘዝም።

ጣሪያ ያልለበሰውን አዳራሽ ያየ ሁሉ ደኸየ ብሎ ሳቀበት። ጎረቤቱማ ፊት ለፊት፣ «አንተ ብትተው ሌላው ያነዳል። ያንተ ብቻ ቢቀር ምን ይለወጣል?» አለው።

«የሌላውን ላጠፋ ሄጄ ነበር፤ ያገኘሁት ግን የራሴን ነው» አለው ባለጸጋው። «እጄ የሚደርሰው እሱ ላይ ነው።»

ጭሱ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ሳሳ እንጂ። እናቱ ግን ጧት ጧት ደጅ ወጥታ ፀሐይ ትሞቅ ጀመር። ጎረቤቱም ሲስቅ ከርሞ ከርሞ አንድ ቀን መጥቶ፣ ያ ችግኝ ከየት እንደሚገኝ ጠየቀው። ምንጩ ወዲያው አልተመለሰም፤ ሰውየውም በዕድሜው እንደ ድሮው ሞልቶ አላየውም። መትከሉን ግን አልተወም።

መምህሩ ይህን ተናግረው ወደ ዘርፌ ዞሩ።

«ልጄ፣ ያ ሰው ክፉ አልነበረም። እሳቱ ከዓይኑ ርቆ ስለነደደ የሌላ ሰው መሰለው እንጂ። አንቺም እንጨት አታነጂም። ነገር ግን በሩቅ አገር ልብስሽ ሲሸመን፣ የምትሳፈሪበት አውሮፕላን ሲነሣ፣ በእግር ለሚደረስበት መንገድ መኪና ስታስነሺ፣ ተርፎ የሚደፋ ምግብ ሲበስል፣ በስምሽ የሚነድ እሳት አለ። አስቀድመሽ እሱን እወቂው። ካወቅሽው በኋላም ለመተው ከሚቀልሽ ሳይሆን ከሁሉ ከሚበዛው ጀምሪ።»

ዘርፌ አቀርቅራ አሰበች። «የእኔ ትልቁ መንገዴ ነው» አለች በመጨረሻ። «ልብስ ለመምረጥ እያልኩ በአውሮፕላን እመላለሳለሁ። አብዛኛው በስልክ የሚያልቅ ነገር ነው።»

«እንግዲህ መልሱን አንቺው ተናገርሽው» አሏት መምህሩ። «ሰማዩ የሁላችን ነው፤ ጭሱ ግን የየራሳችን ነው።»