የይማም ዓይን

በአንድ ወቅት ደሴ ውስጥ ይማም የሚባል ልብስ ሰፊ ይኖር ነበር። ካባ በወርቅ ክር በመጥለፍ የሚስተካከለው አልነበረም። ታዲያ ግላኮማ የሚሉት የዓይን ግፊት በሽታ ያዘውና ዓይኑ ከዳር ከዳር እየጨለመ መጣ። ሐኪሙ ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ ይለካውና፣ «ግፊቱ ደህና ነው፣ ጋሽ ይማም። በያዙት ጠብታ ይቀጥሉ» ይለዋል። መርፌው ከእጁ ላይ እየጠፋበት ደህና ነህ መባሉ ይማምን ያንገበግበው ነበር።

ትልቋ ልጁ ዘምዘም ሁኔታውን ልብ አለች። አባቷ ጎህ ሲቀድ ለሶላት ሲነሳ ግንባሩን ይይዛል፤ በአምፖሉ ዙሪያም ቀስተ ደመና ይታየዋል። ረፋድ ላይ ሕመሙ ይተወዋል። ሐኪሙ ዘንድ ሄዳ፣ «ዶክተር፣ አባቴን የሚጎዳው እርስዎ በማያዩት ሰዓት ነው» አለች። ወረፋ የያዘው ሰው ቢስቅባትም አልተመለሰችም።

ሐኪሙ አሰበና፣ «ይሆናል። የዓይን ግፊት ቀኑን ሙሉ ከፍ ዝቅ ይላል። ግን ከንጋት ጀምሮ ማን ይለካዋል?» አላት።

ሁለተኛዋ ልጁ ሙሐባ ኮምቦልቻ ነርስ ነበረች። ይህን ስትሰማ የዓመት ፈቃዷን ወሰደች፤ በእጅ የሚያዝ መለኪያም በራሷ ኃላፊነት አስፈቅዳ መጣች። አባቷን ከአልጋው ሳይነሳ ለካችው፤ ረፋድ፣ ቀትር፣ ሲመሽም ለካችው። በማግስቱም እንደዚያው። ከሰዓት በኋላ ልከኛ የነበረው ግፊት ንጋት ላይ ሽቅብ ይወጣል! ሐኪሙ ውጤቱን አይቶ፣ «ሌባው ተያዘ!» አለና ምሽት ላይ የሚደረግ ሌላ ጠብታ ጨመረለት።

ጠብታው ግን ዓይኑን አቃጠለውና ይማም፣ «በቃኝ፣ ልታወር!» ብሎ አሻፈረኝ አለ። ይሄኔ የመጨረሻው ልጅ ጀማል ጅግጅጋ ያገኘውን ሥራ ትቶ ቀረ። አባቱ ቢቆጣም ቢራገምም፣ አንዴ እየቀለደ አንዴ እየለመነ፣ «አባዬ፣ ቀና በል» ይለዋል። አንድም ምሽት ጠብታውን አላስተጓጎለም።

ወራት አለፉ። ሐኪሙ እንደገና ከንጋት እስከ ምሽት አስለካውና፣ «ግፊቱ ረግቷል። የጠፋው ብርሃን አይመለስም፤ የቀረውን ግን አትርፈዋል!» አለው። ይማም ሱቁን ከፈተ። ጎረቤት ሁሉ እያየ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ሲያሾልክ እልልታው ሰፈሩን አናወጠው።

ያን ሰሞን በሕይወቱ ከሠራው ሁሉ የሚበልጥ የከፈይ ካባ ጠለፈ። «ዓይኔን ላተረፈልኝ ልጄ ነው» ብሎ ሦስቱንም ጠራ።

«ዘምዘም ልብ ባትል ማን ይለካው ነበር?» አለ አንዱ ጎረቤት።

«ሙሐባ ባትለካው ሐኪሙ ምን አይቶ ያክመዋል?» አለች ሌላዋ።

«ጀማል ባይኖር ጠብታው ከነብልቃጡ ይቀር ነበር» አለ ሦስተኛው።

ይማም ካባውን በሁለት እጁ እንደያዘ ልጆቹን በየተራ አያቸው፤ ሦስቱም ጥርት ብለው ታዩት። ደስታው ልቡን ሞላው፤ መፍረድ ግን አቃተው። እስቲ እናንተ ፍረዱለት፦ ካባው የሚገባው ለማን ነው?