የወይዘሮ ትርንጎ ጽዋ

በአንድ ወቅት በደብረ ሲና ወይዘሮ ትርንጎ የሚባሉ እናት ነበሩ። የማርያም ጽዋ ማኅበርተኛ ናቸው። እንደ ወጉ፣ ሲደክሙ ከልጆቻቸው አንዱ ጽዋውን ተቀብሎ በማኅበሩ ይተካቸዋል። ችግሩ ልጆቹ ሦስት፣ ጽዋው አንድ መሆኑ ነው።

የእናት ሆድ ዝንጉርጉር ነው። ትልቁ አስናቀ ቅዳሴ አያስታጉልም። መካከለኛዋ የውብዳር ባለትዳርና የልጅ እናት ናት። ትንሹ ምንተስኖት ደግሞ ወንድ የሚወድ ወንድ ነው። አስናቀ ይህን ሲደርስበት «እማዬ ሳትሰማ ከዚህ ቤት ውጣ» ብሎ አባረረው። ሐዋሳ ሄዶ ልብስ እየሰፋ ኖረ።

ወይዘሮ ትርንጎ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ሲላቸው የውብዳር ደወለችለት። የስፌት መኪናውን አብሮት ለሚኖረው ወዳጁ ትቶ መጣ። አስናቀ በር ላይ አይቶት እንዳላየ አለፈ። ምንተስኖት እናቱን አጠበ፣ አገላበጠ፣ አጎረሰ። ጎረቤቶች «ወንድ ልጅ እናቱን ያጥባል?» ብለው አፋቸውን ያዙ። እናትየው የጨነቃቸው ሌላ ነው።

«ልጄ፣ ሚስት የማታገባው ለምንድን ነው?»

እውነቱን ነገራቸው።

«በል፣ ጀርባዬን እሸኝ» አሉት።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ወሬው ከተማውን ሲያዳርስ ምንተስኖት አልሰማም። የውብዳር ግን ሰማች። የሴት ልጇ ሠርግ ተቃርቦ ሳለ የሙሽራው ወላጆች «ወንድምሽ ካገር ይውጣ፤ አለዚያ ሠርጉ ቀረ» ብለው ላኩባት።

«እናቴን ማን ሊያገላብጥልኝ? ይቅር!» አለች።

ደፋር ናት። ያስቀረችው ግን የራሷን ሠርግ አልነበረም፤ ልጅቷም ከዚያ ወዲህ አኮረፈቻት።

በዚህ መሃል የማኅበሩ ድግስ ተራ ለወይዘሮ ትርንጎ ቤት ደረሰ። ጠላውን የጠመቀው ምንተስኖት ነው። ማኅበርተኛው ተሰብስቦ ጽዋውን የሚነካ ጠፋ። የማኅበሩ አለቃ «በዚያ እጅ የተጠመቀ አንጠጣም» አሉ። ማኅበርተኛ የራቀው ቤት ለቅሶውም ለብቻው ነው።

አስናቀ ተነሥቶ ጽዋውን ያዘ። «በወንድሜ የተወራው ሐሰት ነው! ብዋሽ እመቤቴ ትፍረድብኝ!»

ማኅበርተኞቹ አምነው ጠጡ። ሲኦልን ከምር የሚፈራ ሰው በሐሰት ማለ፤ ለወንድሙ ይሁን ለቤተሰቡ ስም፣ እሱ ይወቅ። እናትየው ከመጋረጃው ጀርባ ተኝተው ሁሉንም ሰሙ። እውነቱንም ያውቃሉ።

ጥቂት ቆይተው በጣም ደከሙና ጽዋውን ሊያወርሱ ሦስቱንም አልጋቸው አጠገብ ጠሩ። ልጆች በውርስ ይጣላሉ ሲባል ነው የምናውቀው፤ እነዚህ ግን ተገላቢጦሽ ሆኑ።

«ለኔ አይሁን» አለ ምንተስኖት። «እኔ ከያዝኩት ማኅበሩ ይበተናል።»

«በሐሰት የማልኩበትን ጽዋ በየትኛው እጄ ልቀበል?» አለ አስናቀ።

የውብዳር «ልጄን ያስለቀስኩ እኔ ምን አፍ አለኝ?» ብላ አቀረቀረች።

«ታዲያ ይዤው ልቀበር?» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ፣ ተቆጥተው። በደህናው እጃቸው ጽዋውን አነሡ።

እኔ ፍርድ ውስጥ አልገባም፤ ባለፈው ይህን ሳወራ ባልና ሚስት ተኳርፈው ነው የወጡት። እናንተ ግን አፍ አላችሁ፦ ያጠበው፣ የልጇን ሠርግ ያስቀረችው፣ ወይስ ነፍሱን ያስያዘው? ጽዋው ለማን ይገባል?