መርቆ መዝጋት

አንዲት እናት ነበረች። ልጇ ውድነሽ የታጨችለትን ሰው አላገባም ብላ፣ ሳትሰናበት ከቤት ወጥታ ሩቅ ከተማ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ገብታለች። አባትየው ከዚያ ወዲህ ስሟን ጠርቶ አያውቅም።

በዚያ መንደር ስልክ የሚሠራው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ነበር። ድምፁ ይመጣል፣ ይሄዳል። “ሃሎ፣ ሃሎ” ሲባል መስመሩ ይጠፋል። ምርቃት መሐል ላይ መስመር ሲቆረጥ ደግሞ ገድ የለውም ይላሉ። ስለዚህ ሰው ሁሉ አንድ ልማድ አወጣ፤ ቶሎ መመረቅ፣ ሳይቆረጥ ቀድሞ መዝጋት።

ይህችም እናት እንደዚያው ነበረች። ልጇ ስትደውል የዘመዱን፣ የጎረቤቱን፣ የላሟን ደህንነት በአንድ ትንፋሽ ትነግራታለች። ልጅቷ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር ማለት ስትጀምር፣ “ክፉ አይንካሽ፣ እሾህ አይውጋሽ፣ አሜን በዪ” ትላታለች። ልጅቷ አሜን ትላለች። ስልኩ ይዘጋል።

እናትየው ደስ ብሏት ከጉብታው ትወርዳለች። ልጅቷስ? ልጅቷ ጥያቄዋን እንደያዘች ትቀራለች።

ዘንድሮ ቦይ ተቆፈረ፣ ገመድ ተቀበረ፤ ፈጣን ኢንተርኔት ገባ ተባለ። አንድ ቀልደኛ ጎረቤት፣ “የዚህ መንደር ወሬ ድሮም ፈጣን ነው፤ ገመድ ምን አስቀበረው?” ብሎ ሰውን አሳቀ። ቢሆንም ጉብታው ላይ መውጣት ቀረ። ልጅቷ በምስል ደወለች፤ እናትየውም ደጃፏ ላይ እንደተቀመጠች አነሳችው። ባሏ አጠገቧ የሞፈር ጠፍር እየላገ ነበር።

እናትየው ምን ያደረገች ይመስላችኋል? ጉብታው ላይ እንደምትጮኸው ጮኸች። የዘመዱን፣ የጎረቤቱን፣ የላሟን ነገረች። መረቀች። ልትዘጋውም ጣቷን ሰደደች።

“እማዬ፣ አትዝጊው” አለች ልጅቷ። “አሁን አይቆረጥም። ዝም ብለሽ ስሚኝ።”

እናትየው ጣቷን መለሰች።

“ለፋሲካ ብመጣ አባዬ ያስገባኛል?”

“ይህን ነው ስትጠይቂኝ የኖርሽው?”

“ሁልጊዜ። አንቺ መርቀሽ ትዘጊዋለሽ እንጂ።”

መልሱ ከእናትየው ጎን መጣ። አባትየው ከጠፍሩ ቀና ሳይል፣ “በሩን መቼ ቀርቅሬው አውቃለሁ? በያት” አለ።

መንገር አላስፈለገም። መስመሩ ጥርት ያለ ነበርና ልጅቷ ራሷ ሰማች።

ወገኖቼ፣ እስኪ ልጠይቃችሁ። ያን ሁሉ ዘመን መስመሩን የቆረጠው ማን ነው? ጉብታው ነው? ነፋሱ ነው? አንዳንዴስ እሱ ነበር። ብዙውን ጊዜ ግን የቆረጠችው የምትወዳት እናቷ ናት፤ ያውም በምርቃት።

እኛስ ስንጸልይ? ቆመን የዘመዱን እንናገራለን፣ የጎረቤቱን እንናገራለን፣ የጎደለንን እንናገራለን፤ አሜን ብለን እንዘጋለን። ከዚያ እግዚአብሔር ዝም አለን ብለን እናዝናለን። መች እንዲናገር ጊዜ ሰጠነው? የእርሱ መስመር ተቆርጦ አያውቅም፤ እኛ ግን የሚቆረጥ እየመሰለን እንቸኩላለን። በሩም አልተቀረቀረም፤ እኛ ግን ተቀርቅሯል ብለን ከሩቅ እንፈራለን።

ለእናንተም መንደር ፈጣኑ ነገር መጥቷል፤ ያልመጣለትም ይመጣለታል። ደስ ይበላችሁ፣ ደግ ነገር ነው። ነገር ግን የፈጠነው መስመሩ ነው፤ እናንተ ፍጠኑ አልተባላችሁም። መስመር የሚፈጥነው ሰው ረጋ ብሎ እንዲነጋገር ነው።

ያቺ እናት ዛሬም ትመርቃለች፤ ምርቃት የሚተው እናት የለም። ግን መርቃ አትዘጋም። “ሌላስ፣ ልጄ?” ትልና ዝም ትላለች።

እናንተም ዛሬ ማታ አሜን ካላችሁ በኋላ ወዲያው አትነሡ። “ሌላስ፣ ጌታ ሆይ?” በሉና ጥቂት ቆዩ።