ጠጡ ያለ ይቅመስ

ተረት አለኝ፤ የበረቱን በር ክፈቱልኝ፣ ላሚቱ ትግባ።

አያ ሙጬ የሚባል ገበሬ ነበር። ቃል አያበዛም። ዳልቻ የምትባል የምትታለብ ላምና አንድ የጓሮ ጉድጓድ ነበረው። ከአጥሩ ማዶ ነዳጅ ማደያ ከተሠራ ቆይቷል። አንድ ጠዋት ውሃ ቀድቶ ለዳልቻ ቢያቀርብላት አሸተተችና ፊቷን አዞረች።

«ጠጪ» አላት።

አልጠጣም አለች። ወንዙ ሩቅ ነው፤ ካልጠጣች ወተቷ ይነጥፋል፣ ጥጃዋም አይተርፍም። አያ ሙጬ የፈለገው ይህን ብቻ ነበር፤ ዳልቻ ትጠጣለት።

ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ አለ። «አንተ ጉድጓድ፣ ጥራ እንጂ! ዳልቻ አትጠጣም።»

«አልጠራም» አለ ጉድጓዱ። «አፈሩ ቤንዚን ያንጠባጥብብኛል።»

«አንተ አፈር፣ ቤንዚኑን ያዝ እንጂ! ጉድጓድ አይጠራም፣ ዳልቻ አትጠጣም።»

«አልይዝም፤ ጠግቤያለሁ» አለ አፈሩ። «የማደያው ታንከር ሆዴ ውስጥ ተቀብሮ ያፈሳል።»

«አንተ ታንከር፣ ማፍሰስህን ተው እንጂ! አፈር አይዝም፣ ጉድጓድ አይጠራም፣ ዳልቻ አትጠጣም።»

«አልተውም፤ ዝጌ ተበስቻለሁ» አለ ታንከሩ። «የተቀበረን ማን ያየዋል? መርማሪዋ ትመስክርብኝና ያውጡኝ።»

መርማሪዋ አስካል የምትባል የውሃ ባለሙያ ናት። ከመሬት በታች ያለውን ውሃ እየቀዳች ልታይ በማደያው ዙሪያ ቀጫጭን ቧንቧዎች አስቀብራ ነበር።

«ልጄ አስካል፣ መርምሪ እንጂ! ታንከር አይተውም፣ አፈር አይዝም፣ ጉድጓድ አይጠራም፣ ዳልቻ አትጠጣም።»

«በምን ልመርምር አባቴ? ቧንቧዎቹ ተቆልፈዋል። ቁልፉ የማደያው ዘበኛ ቢምረው ወገብ ላይ ነው።»

«ቢምረው፣ ክፈት እንጂ! መርማሪ አትመረምርም፣ ታንከር አይተውም፣ አፈር አይዝም፣ ጉድጓድ አይጠራም፣ ዳልቻ አትጠጣም።»

«አያ ሙጬ፣ ያለ ጌታዬ ቃል አልከፍትም» አለ ዘበኛው። «ላምህ አፍንጫዋን ስለነፋች እኔ እንጀራዬን ልጣ?»

ወደ ማደያው ባለቤት ሄደ። «ወንድይፍራው፣ ቃል ስጥ እንጂ! ዘበኛ አይከፍትም፣ መርማሪ አትመረምርም፣ ታንከር አይተውም፣ አፈር አይዝም፣ ጉድጓድ አይጠራም፣ ዳልቻ አትጠጣም።»

ወንድይፍራው ሳቀ። «ደግሞ የላም ምስክር ይዘህ መጣህ? ውሃው ንጹሕ ነው። አንተም ጠጣ፣ ሰፈሩም ይጠጣ።»

አያ ሙጬ ዞሮ ሄደ። ቤቱ ሲደርስ ጥጃው ደረቅ ጡት ይጎትታል። ቆሞ አየው።

አያ ሙጬና ወንድይፍራው የአንድ ማኅበር ሰዎች ናቸው። የሚካኤል ዕለት የመደገሱ ተራ የወንድይፍራው ነበር። እንደ ወጉ ከጠላው በመዳፉ ጠብ አድርጎ ቀድሞ ቀመሰ፤ ክፉ ነገር የለበትም ማለት ነው። ከዚያ ለእንግዶቹ ቀዳ። ለአያ ሙጬ ሊቀዳ ሲል አያ ሙጬ ዋንጫውን በእጁ ከደነ። ከጋቢው ሥር አንድ ጣሳ የጉድጓድ ውሃ አወጣ።

«ጠላህን ቀምሰህ ሰጠኸን» አለ። «ውሃውን ግን ሳትቀምስ ጠጡ አልከን።»

ወንድይፍራው ጣሳውን ወደ አፉ አስጠጋ። ከንፈሩ ሳይነካው ሽታው አፍንጫውን መታው። እንደያዘው ቆየ። ከዚያ አስቀመጠውና በሩ ላይ ወደቆመው ዘበኛ ዞሮ፣ «ቢምረው፣ ለአስካል ክፈትላት» አለ።

ወንድይፍራው ቃል ሰጠ፣ ዘበኛው ከፈተ፣ መርማሪዋ መረመረች፣ ታንከሩ ተቆፍሮ ወጣ፣ የጠገበው አፈር ተዛቀ። ጉድጓዱ ግን ቶሎ አልጠራም። ውሃ በአንድ ቀን አልታመመም፣ በአንድ ቀን አይድንም። እስከዚያው የዳልቻን ውሃ ከወንዝ በአህያ የሚያስጭነው ወንድይፍራው ሆነ፤ ጥጃውም ተረፈ። አስካል እየመጣች ከቧንቧዎቹ ትቀዳለች፤ «ገና ነው አባቴ» ትላለች። ክረምት አለፈ፣ ሌላም ክረምት መጣ።

በመጨረሻ «ጠርቷል» አለች።

አያ ሙጬ ቀድቶ ወደ ዳልቻ ሄደ። ሊያቀርብላት ሲል ቆም አለ። ያን ጠዋት እሱም ሳይቀምስ ነበር ጠጪ ያላት። በመዳፉ ጠብ አድርጎ፣ እያየችው ቀመሰ።

ዳልቻ አሸተተች፤ ጠጣች።

ተረቴ አለቀ። ዳቦ ልትሰጡኝ ከሆነ፣ ቀምሳችሁ ስጡኝ።