ባዶውን የማይመለሰው መኪና

ተረቴ መጣ፤ ጆሮ ያለው ወዲህ ይቅረብ።

በአንድ መንደር አያ ጫኔ የሚባል ገበሬ ነበረ። ቃል ከአፉ የሚወጣው እንደ ዘር እህል ተቆጥቦ ነው። ትንሿ ልጁ እንጉዳይ ጡት ከተወች ወዲህ ከሳች፤ ሽሮውም ገንፎውም አልዋጥ አላት። አንድ ቀን ኩባያዋን ይዛ መጣችና፣ «አባዬ፣ ወተት» አለች።

አያ ጫኔ ተነስቶ ወደ ላሙ ወደ ቦራ ሄደ።

«ቦራ፣ ወተት ስጪ ለእንጉዳይ።»

«አልሰጥም» አለች ቦራ። «ገለባ በልቼ ወተት? ፋጉሎ አምጣ።»

ፋጉሎ ኑግ ተጨምቆ ዘይቱ ሲወጣ የሚቀረው ነው፤ ሽታው የደረሳት ላም ገመድ ትበጥሳለች። አያ ጫኔ ወደ ዘይት መጭመቂያው ሄደ። ፋጉሎው በር ላይ ተከምሯል።

«ስማ መጭመቂያ፣ ኑጉን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ፋጉሎ ስጥ ለቦራ፤ ቦራ ወተት ትስጥ ለእንጉዳይ።»

«አልሰጥም» አለ መጭመቂያው። «ፋጉሎው የመኪናው ነው። እሱ ካልጫነ ናፍጣ አያመጣልኝም፤ ናፍጣ ካልጠጣሁ አልዞርም። እኔም እንደ ልጅህ ሆድ አለኝ፣ አያ ጫኔ።»

ወደ መኪናው ሄደ። መኪናው ጥላ ስር ቆሞ ጭነቱን ይጠብቃል።

«ስማ መኪና፣ ፋጉሎውን ተው ለመጭመቂያው፤ መጭመቂያው ይስጥ ለቦራ፤ ቦራ ወተት ትስጥ ለእንጉዳይ።»

«አልተውም» አለ መኪናው። «ባዶዬን ተመልሼ አሠሪዬን ወይዘሮ ሸጊቱን ምን ልበላት? ናፍጣውን ትከለክለኛለች። ካላመንከኝ ውጣና እሷኑ ጠይቃት።»

ፋጉሎው ተጫነ፤ አያ ጫኔም ጭነቱ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። መንገዱን ሁሉ በልቡ ያስባል፦ መኪናው ሸጊቱን ይፈራል፤ መጭመቂያው መኪናውን ይጠብቃል፤ ቦራ መጭመቂያውን ታያለች፤ እንጉዳይ ቦራን ታያለች።

ወይዘሮ ሸጊቱ በከተማው ላሞችና የወተት ማቀነባበሪያ አላት፤ ወተት ታፈላለች፣ ታሽጋለች፣ ትሸጣለች።

«እትዬ ሸጊቱ፣ መኪናውን ያለ ፋጉሎ ይቀበሉት፤ መኪናው ፋጉሎውን ይተው ለመጭመቂያው፤ መጭመቂያው ይስጥ ለቦራ፤ ቦራ ወተት ትስጥ ለእንጉዳይ።»

«አልችልም፣ አባቴ» አለች። «ያለ ፋጉሎ ላሞቼ አይታለቡም። እነሱ ካልታለቡ ይቺን ምን ልበላት?» ወደ በሩ ጠቆመች።

በሩ ላይ እንጉዳይን የምታክል ልጅ ባዶ ኩባያ ይዛ ቆማለች።

አያ ጫኔ ልጅቷን አያት። ኩባያዋንም አየ። ዓይኑ ጥግ ላይ ወደ ቆመው የወተት ማቀዝቀዣ በርሜል ሄደ።

«መኪናው የሚጠላው ባዶ መመለስን ነው» አለ። «ፋጉሎ የሚጭንልዎትም ለወተት ነው። መንደራችን ላም ሞልቷል። ፋጉሎው እዚያው ይቅርና ወተቱን ይጫን።»

«መንገድ ላይ ቢጎመዝዝብኝስ?»

«ያ ቀዝቃዛ በርሜል ከጥግ ተቀምጦ ምን ይሠራል?»

«እሱንም አዩት?»

«አየሁት። አንድ ነገር ግን አለ። መጀመሪያ የየቤቱ ልጅ ይጠጣል፤ የተረፈው ይጫናል።»

«ንግድ አያውቁም፣ አባቴ።»

«ልጅ አውቃለሁ።»

ወይዘሮ ሸጊቱ ሳቀች፤ ሳቋ እሺታ ነበር።

ሸጊቱ በርሜሉን ሰጠች ለመኪናው፤ መኪናው ናፍጣ አመጣ ለመጭመቂያው፤ መጭመቂያው ዞረና ፋጉሎውን ኑግ ላመጣው ሁሉ መለሰ፤ ቦራ በላች፤ ውሎ አድሮ ጡቷ ሞላ፤ እንጉዳይ ጠጣች። የጎረቤት ልጆችም ጠጡ። የተረፈው ተጫነ፤ መኪናው ባዶውን አልተመለሰም፤ በር ላይ የቆመችውም ልጅ ጠጣች።

እንጉዳይ ጉንጯ ሲመለስ አፏም ተመለሰ። አንድ ጠዋት ወተቷን ተጋተችና የቀረውን ወደ አባቷ ገፋች።

«አባዬ፣ ቅመስ።»

«የልጅ ድርሻ አይነካም።»

«እኔ እኮ ነኝ የሰጠሁህ።»

አያ ጫኔ በሩን አየ፣ ሰው የለም። ቀመሰ። ጢሙ ነጣ። እንጉዳይ እየሳቀች በመዳፏ ጠረገችለት፤ እሱም እስክትጨርስ ፊቱን ከመዳፏ አላነሳም።

ተረቴ አለቀ፤ የጠገበ ይተኛ፣ ያልጠገበ ይናገር።